ከስኮትዴል የተረፈው ካርቶን

ታሪክ የሚጻፈው በብዕር ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ታሪክ በመዳብ ላይ ይቀረጻል፤ በእንጨት ላይ ይፈለፈላል፤ በድንጋይ ላይ ይነደፋል፤ ከዚያም ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይታተምና በገበያ በሳንቲም ይሸጣል። ፎቶግራፍ በጋዜጣ መውጣት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ከመቶ በሚበልጡ ዓመታት የአሜሪካ ሕዝብ መሪውን፣ ጠላቱንና ጎረቤቱን በመልክ ያወቀው በአብዛኛው በእነዚህ የኅትመት ሥዕሎች አማካይነት ነው። መጽሐፍ የማያነብ ሰው እንኳ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሥዕል ያነብ ነበር። ስለዚህ የኅትመት ሥዕልን መሰብሰብና ማጥናት የባለጠጎች መዝናኛ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ አንድ ኅብረተሰብ ማንን እንዳየና ማንን ላለማየት እንደወሰነ መመርመር ነውና።

እኛ ይህንን የተማርነው በዩኒቨርሲቲ ክፍል አይደለም። የተማርነው በስኮትዴል ከአንድ አልጋ ሥር ከወጣ ካርቶን ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ካርቶን እንናገራለን፤ ከጎኑ ስለነበሩትና ዛሬ ስለሌሉት ሌሎች ካርቶኖችም እንናዘዛለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. መንደሩና ካርቶኑ

ስኮትዴል ከአትላንታ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በደካልብ ካውንቲ፣ በዲኬተርና በክላርክስተን መካከል የምትገኝ ትንሽ ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው ከጆርጅ ዋሽንግተን ስኮት ነው። እኒህ ሰው በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ለባርነት ሥርዓት በተሰለፈው የደቡብ ጦር ውስጥ ኮሎኔል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በማዳበሪያ ንግድ ከበሩ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻም የጥጥ ፋብሪካ አቋቋሙ። በፋብሪካው ዙሪያ የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ፤ መንደሩም ተመሠረተ። ፋብሪካው በ1982 ተዘጋ። ከ1980ዎቹ ወዲህ በክላርክስተንና በአካባቢዋ ስደተኞች መስፈር ሲጀምሩ ከእነዚያው መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ።

ከስኮትዴል በስተምሥራቅ ጥቂት ማይል እንደተጓዙ ስቶን ማውንቴን የተባለው የድንጋይ ተራራ ይገኛል። በ1915 የኩ ክለክስ ክላን ድርጅት እንደገና የተመሠረተው በዚህ ተራራ ራስ ላይ ነው። በጎኑም ላይ የደቡቡ መንግሥት ሦስት መሪዎች በፈረስ እንደተቀመጡ በግዙፍ ቅርጽ ተፈልፍለው ሥራው በ1972 ተፈጽሟል። ለሦስቱ ሹማምንት ተራራ ተቀረጸላቸው። በስኮት ፋብሪካ ጥጥ ሲያበጥሩና ሲፈትሉ ዕድሜያቸውን ለጨረሱት ሠራተኞች ግን በእኛ ካርቶን ውስጥ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ቅርጽ እንኳ አልተገኘችም። የጥናታችን መነሻ ይህ ልዩነት ነው።

ካርቶኑ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የአንድ አረጋዊ የማኅበራችን አባል ንብረት ነበር። ለትምህርት መጥተው፣ በተማሪው ንቅናቄ ውስጥ ተሳትፈው፣ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ሠርተው ቅዳሜ ጧት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዳሉ፤ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ዕቃ ሲሸጥም አይቀሩም። ሌላው ሰው ወንበርና ሳሕን ሲያገላብጥ እሳቸው ግን ወረቀት ይፈልጋሉ። በቂጣ ዋጋ የገዙትን ሥዕል በአጉሊ መነጽር ከመረመሩት በኋላ በጀርባው ላይ በእርሳስ ሦስት ጥያቄ ይጽፋሉ፦ ማን ቀረጸው? ማን ገዛው? ማን ጎደለ?

ከሥዕሎቹ ካርቶን ጎን አራት ሌሎች ካርቶኖች ነበሩ። በእነዚያ ውስጥ የነበረው በስቴንስል ተጽፎ በማባዣ መኪና የተባዛው የተማሪው ማኅበር ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቶች፣ በራሪ ወረቀቶች፣ የጉባኤ ውሳኔዎችና ደብዳቤዎች። ጋሼ ሦስት ጊዜ «ኑና አብረን እንለየው» ብለውን ነበር። ፈተና አለብን፣ ሥራ አለብን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንመጣለን አልን። እሳቸውም የሥዕሎቹን ካርቶን ሰጡንና «እንግዲያው መጀመሪያ የሰውን ታሪክ ማንበብ ተማሩ፤ ከዚያ ወደራሳችን እንመጣለን» አሉ። በዚህ ምክንያት ያ ካርቶን ከእኛ ዘንድ ነበር።

2. አንድ ሥዕል እንዴት ይባዛል?

የኅትመት ሥዕልን ለማንበብ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። በመዳብ ሲሠራ ቀራጩ መስመሩን በስለት ይቆፍራል፤ ቀለሙ በጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ በኃይል ሲጫኑት ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ ይመጠዋል። ስለዚህም በሥዕሉ ዙሪያ የመዳቡ ጠርዝ ረግጦ ያለፈበት ምልክት በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በእንጨት ሲሠራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ነጭ ሆኖ መቅረት የሚገባው ተፈልፍሎ ይወጣና ቀለሙን የሚይዘው ሳይነካ የቀረው ገጽ ይሆናል።

በ1857 የተመሠረተው ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው የኒው ዮርክ ሳምንታዊ መጽሔት በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ከመቶ ሺህ ቅጂ በላይ ያሰራጭ ነበር። ለትልልቅ ሥዕሎቹ የሚያገለግለው ጠንካራ እንጨት ትንንሽ ስለሆነ ብዙ ቁራጭ በብሎን ይያያዛል፤ ለመፍጠን ሲባልም ቁርጥራጩ ለተለያዩ ቀራጮች ይታደላል። አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ የሰው ፊት ይቀርጻል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የመጋጠሚያው ቀጭን ነጭ መስመር አንዳንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ስም ቢጻፍም ሥራው የብዙ እጅ ነው።

በድንጋይ የሚታተመው ሊቶግራፍ የሚባለው ነው። ከ1857 እስከ 1907 በኒው ዮርክ የሠራው የከሪየርና አይቭስ ድርጅት በዚህ ዘዴ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ የሥዕል ዓይነቶችን አሳትሟል። ቀለሙን የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዷ አንድ ቀለም ብቻ ቀብታ ወረቀቱን ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። የድርጅቱ ስም እስከ ዛሬ ሲነሣ የእነዚያ ሴቶች ስም ግን በሥዕሉ ላይ የለም።

ይህንን ከአገራችን ሁኔታ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የእኛ ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ አንዱን መጽሐፍ በወራት ይጨርሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ እንኳ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ ነበር። በብራና ያለ ታሪክ ባለቤቱ ጥቂት ነው፤ ቢጠፋ የሚተካው የለም። በኅትመት ያለ ታሪክ ግን በሺህ ቤት ይገባል። ነገር ግን ውሸትም ቢሆን በሺህ ቤት የሚገባው በዚያው በር ነው።

3. አንድ ግድያ፣ ሁለት ሥዕል

ከጋሼ ካርቶን በመጀመሪያ ያወጣነው በኋለኛ ዘመን የተባዛ የአንድ ዝነኛ ሥዕል ቅጂ ነው። መጋቢት 5 ቀን 1770 ምሽት በቦስተን ከተማ የእንግሊዝ ወታደሮች በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሱ፤ አምስት ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ወር ፖል ሪቪር የተባለ ብር ሠሪ ድርጊቱን በመዳብ ቀርጾ ለገበያ አቀረበው። ንድፉን የወሰደው ሄንሪ ፔላም ከተባለ ወጣት ሠዓሊ ነበር፤ ፔላምም ሥራዬን ተሰረቅሁ ብሎ በቁጣ ጻፈለት። የአሜሪካ አብዮት ዋነኛ የቅስቀሳ ሥዕል ራሱ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው ማለት ነው።

ሥዕሉን ስናየው ወታደሮቹ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ አዛዣቸው ሰይፉን አንሥቶ ተኩሱ የሚል ይመስላል፤ ከበስተኋላቸው ያለው ሕንፃ «የሥጋ ሻጭ አዳራሽ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። በእውነቱ ግርግር እንጂ ሰልፍ አልነበረም። ሪቪር የፈለገው ዘገባ ሳይሆን ክስ ነበር፤ ክሱም ሠርቶለታል።

ከሞቱት አንዱ ክሪስፐስ አታክስ ነበር። አታክስ ከአፍሪካውያንና ከአገሬው ቀይ ሕንዶች የሚወለድ፣ ከባርነት ያመለጠ መርከበኛ ነው። ስሙ በሥዕሉ ግርጌ ከሟቾች ጋር ተቆጥሯል፤ በሥዕሉ ውስጥ ግን ጥቁር ሰው አይታይም። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ወታደሮቹ ለፍርድ ሲቀርቡ ጠበቃቸው ጆን አዳምስ፣ ኋላ የአገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ የሁከቱ መሪ አታክስ ነበር ብለው ተከራከሩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ጥቁሩ ሰው ለመወንጀል ሲፈለግ በችሎቱ መሐል ይታያል፤ ለሟች ሲታዘን ግን ከሥዕሉ ይጠፋል። ሁለቱም ወገኖች ተጠቅመውበታል፤ አንደኛው በማሳየት፣ ሁለተኛው በመደበቅ።

ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ1856፣ በዚያችው ቦስተን የቡፈርድ ማተሚያ ቤት ስለዚሁ ግድያ ሌላ የድንጋይ ኅትመት አወጣ። በዚህኛው አታክስ በሥዕሉ መሐል ላይ ነው፤ በእጁም የወታደሩን ሳንጃ ጨብጧል። በመካከሉ የተለወጠው ምንድን ነው? የ1770 ምሽት አልተለወጠም። የተለወጠው ትግሉ ነው። ባርነትን የሚቃወመው ንቅናቄ ጎልምሷል፤ ዊልያም ኩፐር ኔል የተባለው ጥቁር ታሪክ ጸሐፊ ጥቁሮች በአሜሪካ አብዮት ስለነበራቸው ድርሻ መጽሐፉን ያሳተመው በ1855፣ ሥዕሉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። አታክስን ወደ ሥዕሉ የመለሰው የቀራጩ ቸርነት ብቻ ሳይሆን መብታቸውን የጠየቁ ሰዎች ድምፅ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቅና ወዳጅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ሰይጣንና ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ከነሠራዊታቸው በአንድ ወገን፣ ጣሊያኖቹም በሌላው ወገን በጎን ፊት ይታያሉ። ሠዓሊዎቻችን ይህንን ሕግ ሳይደብቁ ስለሚሠሩበት ሕፃን እንኳ ያነበዋል። የሪቪር መዳብም የአንድ ዓይን ሕግ አለው፤ ልዩነቱ ሕጉን ሸሽጎ ራሱን የዓይን ምስክር ማስመሰሉ ነው።

4. የታዩና የጠፉ ፊቶች

ሁለተኛው ወረቀት በቀጥታ ወደምንኖርበት ጆርጂያ ያመጣናል። በ1872 ከሪየርና አይቭስ በአሜሪካ ምክር ቤቶች የገቡትን የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ሴናተርና የሕዝብ እንደራሴዎች ምስል አሳተሙ። ሰባት ሰዎች በክብር ልብስ ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ ጀፈርሰን ሎንግ ነው፤ በባርነት ተወልዶ በሜከን ከተማ ልብስ ሰፊ የነበረ የጆርጂያ ሰው። በምክር ቤቱ የቆየው በ1871 መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆንም የካቲት 1 ቀን ተነሥቶ በመናገር በተወካዮች ምክር ቤት ንግግር ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር እንደራሴ ሆነ። የተናገረውም የደቡቡ አመፅ መሪዎች የፖለቲካ መብታቸው በቀላሉ እንዳይመለስላቸው ነበር። ከእሱ በኋላ ጆርጂያ ሌላ ጥቁር እንደራሴ የመረጠችው በ1972 ነው፤ ተመራጩም አንድሩ ያንግ ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው መቶ ዓመት ነው።

በዚያ መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ምን እንደሆነ ሥዕሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በሃርፐርስ ዊክሊ ዝነኛ የነበረው ቶማስ ናስት በኅዳር 1869 የአሜሪካ ሕዝቦች ሁሉ፣ ጥቁሩም ቻይናዊውም ሳይቀሩ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እኩል ተቀምጠው ሣለ። ይኸው ሰው በመጋቢት 1874 በዚያው መጽሔት ሽፋን ላይ የደቡብ ካሮላይናን ጥቁር የምክር ቤት አባላት ሲናቆሩ፣ በተዛባና በሚያዋርድ ፊት አቀረባቸው። ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ያው እጅ፣ ያው እንጨት፣ ያው መጽሔት። ከሪየርና አይቭስም ሎንግን በክብር ካሳተሙ በኋላ «ዳርክታውን» በሚል ርእስ ጥቁሮችን መሳለቂያ ያደረጉ ተከታታይ ሥዕሎችን አወጡ፤ እነዚህም በብዛት ከተሸጡላቸው መካከል ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች በአንድ ሌሊት ክፉ ሆኑ ማለት ጥናት አይሆንም። የሰሜኑ ገዢ መደብ ከደቡቡ ባላባት ጋር መታረቅ ፈለገ፤ የፌዴራል ጦር ጥቁሮችን መጠበቁን በ1877 ተወ፤ የሥዕል ገዢውም ፍላጎት አብሮ ዞረ። ቀራጩ ገበያውን ተከተለ፤ ሥዕሉ ደግሞ በተራው ገዢውን አስተማረ። በ1908 ጆርጂያ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አብዛኛውን ጥቁር ከድምፅ መስጫ ስታባርር፣ ይህንን እንደ ተፈጥሮ የሚቀበል ትውልድ በእነዚህ ሥዕሎች መካከል አድጎ ነበር። ጋሼ በሎንግ ሥዕል ጀርባ ላይ «ማን ጎደለ?» ለሚለው ጥያቄ «ከዚህ ሥዕል ማንም አልጎደለም፤ የጎደሉት ከዚህ በኋላ ነው» ብለው ጽፈዋል።

5. አትላንታና ዐድዋ በአንድ መደብር

በካርቶኑ ውስጥ ሁለት የፈረንሳይ ወረቀቶችም አሉ። ለ ፐቲ ዡርናል የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በየሳምንቱ ባለቀለም ሥዕል የሚወጣበት ተጨማሪ እትም ነበረው። ይህ እትም በነሐሴ 1898 ዳግማዊ ምኒልክን በዐድዋ ጦር ሜዳ አሳይቷል። በጥቅምት 1906 ደግሞ በአትላንታ ጎዳና ላይ ነጮች ጥቁሮችን ሲጨፈጭፉ የሚያሳይ ሥዕል ይዞ ወጣ።

የአትላንታው ጭፍጨፋ የተፈጸመው ከመስከረም 22 ቀን 1906 ጀምሮ ነው። የከተማይቱ ጋዜጦች ጥቁሮች ነጭ ሴቶችን ደፈሩ የሚል ያልተረጋገጠ ወሬ በልዩ እትም እየደጋገሙ ካናፈሱ በኋላ በሺህ የሚቆጠር የነጭ መንጋ በጎዳናው ያገኘውን ጥቁር መደብደብና መግደል ጀመረ። ቢያንስ 25 ያህል ጥቁሮች እንደተገደሉ ይታመናል። እዚህም ላይ ማተሚያው ምስክር ብቻ ሳይሆን ተካፋይ ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ዝም አልን። በአንዱ ጥቁር ሠራዊት ወራሪን ድል ያደርጋል፤ በሌላው ጥቁር ሕዝብ በገዛ ከተማው ይታረዳል። ለፓሪሱ ገዢ ሁለቱም የሳምንቱ መደነቂያ ነበሩ። ለእኛ ግን አንዱ የተወለድንበት አገር፣ ሌላው የምንኖርበት ከተማ ነው። በዐድዋ የምንኮራ ከሆነ ለአትላንታው ሟች ባዕድ ልንሆን አንችልም። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በኒው ዮርክና በቺካጎ አደባባይ ወጥተው ስለ ኢትዮጵያ የጮኹት የእነዚያው ሟቾች ወገኖች መሆናቸውን ዘንግተን እንደሆነ ወረቀቶቹ ያስታውሱናል።

6. ከሊኖሌም የወጣ ምስክርነት

እስካሁን ያየናቸውን ሥዕሎች የሠሯቸው ሌሎች ናቸው፤ የሚታየው ሰው መሣሪያውን አልያዘም። በአትላንታ ይህ የተለወጠው ሄል ዉድረፍ የተባለው ጥቁር ሠዓሊ በ1931 በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ነው። ዉድረፍና ተማሪዎቹ መዳብና ድንጋይ አላስፈለጋቸውም። የወለል ምንጣፍ የሚሠራበትን ሊኖሌም በስለት እየፈለፈሉ የድኾችን ሰፈር፣ ያጋደለውን ጎጆ፣ የጓሮውን መጸዳጃና ቤተ ክርስቲያኑን አተሙ። ከመጸዳጃ ቤቱ ብዛት የተነሣ የዚህ ወገን ሠዓሊዎች በቀልድ «የጓሮ መጸዳጃ ትምህርት ቤት» እስከመባል ደረሱ። የከተማው አስጎብኚ መጽሐፍ የደበቀውን እነርሱ ቀረጹት።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 ገደማ ዉድረፍ በመንጋ ፍርድ ስለሚሰቀሉ ጥቁሮች ሁለት የሊኖሌም ሥዕል ሠራ። በአንደኛው ሰውዬው አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ በጋሪ ላይ ቆሟል፤ እንስሳው ተነድቶ ጋሪው ቢንቀሳቀስ ያበቃለታል። በሁለተኛው ሬሳው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተጥሏል። የዚህኛው ርእስ «ባልታወቁ ሰዎች» የሚል ነው፤ ይኸውም የዚያን ጊዜ የአሟሟት መርማሪዎች ገዳዩን አገር ሁሉ እያወቀው በመዝገብ ላይ የሚጽፉት ቃል ነበር። ዉድረፍ መዝገቡ የሸሸገውን በመዝገቡ ቃል አጋለጠው።

በ1942 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የጥቁር ሠዓሊዎች ዓመታዊ ኤግዚቢሽን እስከ 1970 ዘልቋል። የተሰበሰቡት ሥራዎችም ዛሬ በክላርክ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳቸው በፊት በአትላንታ አስተምረዋል። ከስኮትዴል በአውቶቡስ የሚደረስበት ይህ ስብስብ ለማንኛውም ተማሪ ትምህርት ቤት ነው።

7. የእኛ ወረቀት

ወደተነሣንበት እንመለስ። የራሳችንን ታሪክ በሥዕል ስንፈልግ በአብዛኛው የምናገኘው በሌላ እጅ የተቀረጸውን ነው። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የሞተውን ፊታቸውን በንድፍ ያስቀረው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ይኸው ሰው ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የተከበረ ሥዕል ለራሱ ወስዷል። ከመቅደላ የተዘረፈው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ እንደሄደ የታወቀ ነው። የተነደፈውም የተዘረፈውም በአንድ እጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህንን ዝርፊያ በየስብሰባው እንኮንናለን፤ መኮነናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ማንም ሳይዘርፈን ያጠፋነውስ? በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር «ቻሌንጅ»፣ በአውሮፓ የነበረው ደግሞ «ታጠቅ» የተባሉ መጽሔቶች ነበሯቸው። ከእነርሱ ጎን በየከተማው የተባዛው በራሪ ወረቀት ቁጥር የለውም። የዚያ ትውልድ ሐሳብ፣ ጥራቱም ስሕተቱም፣ ወንድም በወንድሙ ላይ የጻፈው መራራ ቃልም ሳይቀር በዚያ ወረቀት ላይ ነው። በአገር ቤት በ1977ና በ1978 በቀይ ሽብር ፍተሻ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱንና ፎቶግራፉን በገዛ እጁ አቃጥሏል፤ ቀብሯል። ስለዚህ በስደት የቀረው ቅጂ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛው ቅጂ ነበር።

ጋሼ በብርዱ ወራት ዐረፉ። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ገንዘብ አዋጣን፤ አስከሬናቸው ወደ አገር እንዲላክ ደከምን። የቤቱ ኪራይ ወር ሲሞላ ዕቃቸው ከመንገድ ዳር ወጥቶ ዝናብ እንደመታውና የቆሻሻ መኪና እንደወሰደው የሰማነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አራቱም ካርቶኖች አብረው ሄዱ። እኛ ዘንድ በመሆኑ የተረፈው የአሜሪካ ሥዕሎች ካርቶን ብቻ ነው። የሰውን ታሪክ በጥንቃቄ ይዘን የራሳችንን ለቆሻሻ ሰጠን። ለዚህ ጥፋት ከራሳችን በቀር የምንከሰው የለንም፤ ሦስት ጊዜ ተጠርተን ነበርና።

«ተማሪ ነን፤ ገንዘብና ቤት የለንም፤ ይህ የቤተ መዛግብት ሥራ ነው» የሚል መልስ ይሰማናል። በኒው ዮርክ ይኖር የነበረው አርቱሮ ሾምበርግ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ፣ በባንክ የደብዳቤ ክፍል ይሠራ የነበረ ደሞዝተኛ ነው። የጥቁሮችን መጻሕፍት፣ ጽሑፎችና የኅትመት ሥዕሎች ከኪሱ እየገዛ አከማቸ። ስብስቡ በ1926 ለኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ10,000 ዶላር ሲገዛ ወደ 5,000 መጻሕፍት፣ 3,000 የእጅ ጽሑፎችና 2,000 የኅትመት ሥዕሎች ነበሩበት። ዛሬ በሃርለም የእሱን ስም የያዘው ታላቅ የምርምር ማዕከል መሠረቱ ይህ ነው። ሾምበርግም እንደ እኛ ሥራ ነበረበት።

ስለዚህ ከጋሼ የተማርነውን በአጭሩ ለአንባቢ እናቀብላለን። አሮጌ ወረቀት በፕላስተር አይለጠፍም፤ ማጣበቂያው ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ እርጥበት ባለበት ምድር ቤትም አይቀመጥም። አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ተዘርግቶ በጠፍጣፋ ካርቶን ይቀመጣል። በጀርባው የሚጻፍ ቢኖር በእርሳስ እንጂ በቢክ አይጻፍም። ሥዕል ስትገዙ በአጉሊ መነጽር እዩት፤ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካያችሁ በኋለኛ ዘመን በፎቶግራፍ ዘዴ የተባዛ ነው። ከሁሉም በላይ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደነበረና መቼ እንደተገኘ ጻፉ፤ መነሻው ያልታወቀ ወረቀት ግማሽ ምስክር ነው።

ከጋሼ ሞት በኋላ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በስኮትዴል እየተሰበሰብን ነው። እስካሁን ከአባላት እጅ ሁለት የቆዩ መጽሔቶችና ጥቂት በራሪ ወረቀቶች አግኝተናል። በእያንዳንዱ መያዣ ላይ በእርሳስ ያንኑ ሦስት ጥያቄ እንጽፋለን። «ማን ጎደለ?» ለሚለው የምንሰጠው መልስ ከሁሉ ይረዝማል። በጽሑፎቹ ስለ ገበሬው ብዙ ተብሏል፤ ገበሬው ራሱ የተናገረው ግን አልተገኘም። ሴቶች አባላት ስቴንስሉን እንደጻፉ እናውቃለን፤ ስማቸው ግን እንደ ከሪየርና አይቭስ ቀለም ቀቢዎች ከገጹ ላይ የለም። የሰውን ሥዕል ስንመረምር የተጠቀምንበትን መነጽር በራሳችን ላይ ለማዞር ከፈራን ጥናታችን ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ይህንን የምታነቡ ወገኖቻችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከአልጋችሁ ሥር ተመልከቱ። በአጠገባችሁም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ካሉ ሂዱና ካርቶናቸውን አብራችሁ ክፈቱ። በሚቀጥለው ሳምንት አትበሉ፤ እኛ ብለን ነበር።